አባባ አሁንም የባዩን ስም ይጠራሉ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለእመቤት፣ ካለሽበት አርባ ምንጭ።

እንደምን ከርመሻል፣ እታለም? የዚያ አገር ሙቀት እንዴት ይዞሻል? የምታስተምሪያቸው ልጆችስ ደህና ናቸው? እህል ትቀምሻለሽ ወይስ አንቺም እንደኛ ቤት ሰው ሆነሻል? እኛ እግዜር ይመስገን በሕይወት አለን። ጉናን ጭጋግ ከሸፈነው ሳምንት አለፈው፤ ብርዱም ጠንቷል።

ይህን በደብዳቤ የጻፍኩልሽ በስልክ መናገር ስላልቻልኩ ነው። ስትደውዪ አባባ አጠገቤ ይቀመጡና «ደህና ነን በላት» ይሉኛል። ደህና አይደለንም።

ወንድማችንን ባዩን የቧንቧው ቦይ ተደርምሶ ከቀበረው ወዲህ አባባ ላይ አንዲት እንባ አላየሁም። ሰልስት በወጣ ማግስት ሥራ ገቡ። የቡድኑ መሪ ስለሆኑ ጠዋት ጠዋት ሠራተኞቹን ከመዝገብ በስም ይጠራሉ። የባዩ ስም ስድስተኛ ነው። ይጠሩታል፣ ትንሽ ይጠብቃሉ፣ ወደ ሰባተኛው ያልፋሉ። ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ይህን የሚነግረኝ አብሯቸው የሚሠራው የባዩ ጓደኛ ሲሳይ ነው።

ባለፈው ሐሙስ «በሥራ ላይ ጽናት» የሚባል ሥልጠና መጣላቸው። አሠልጣኙ አባባን አስነሥቶ፣ «መሪ ካልተሰበረ ሠራተኛው አይሰበርም፤ ምሳሌያችሁ ይኸው» ብሎ አስጨበጨበላቸው። አሸዋ የምታቀብለዋ ትርንጎ ሳታጨበጭብ ቀረች። «የኔ ጌታ፣ እኛ አገር ‹እግዜር ያጽናህ› የምንለው ላለቀሰ ሰው ነው። እሳቸው መቼ አለቀሱ?» አለችው። አባባ «ሥራ አለብን» ብለው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ባሰባቸው። ቦይ ውስጥ የሌላ ሰው ልጅ አላስገባም ብለው፣ ዝናብ ያራሰውን አፈር ብቻቸውን ይቆፍራሉ፤ የድጋፍ እንጨት እንኳ አያስቆሙም። ሲሳይ «ጋሼ ሞላ፣ እኛ አካፋ ይዘን የቆምነው እርስዎንም ልናወጣ ነው?» ቢላቸው መቆፈራቸውን ቀጠሉ። እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በር በሩን ታያለች። እኔም ክፍል ተቀምጬ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ትምህርቱ አይገባኝም።

ሰኞ ግን የባዩን ስም ሲጠሩ ሲሳይ «የለም፣ ጋሼ። ቀብረነዋል» አለ። ትርንጎ ጭቃው ላይ ተቀመጠች፤ ሌሎቹም እንደ ለቅሶ ቤት ተከትለዋት ተቀመጡ። አባባ ቆመው ቆዩና መሀላቸው ገብተው ተቀመጡ፣ ፊታቸውንም በመዝገቡ ሸፈኑ። ሲነሡ «ቦዩ ሳይደገፍ ማንም አይገባም፣ እኔም ጭምር» አሉ። እንጨት ሲያስቆሙ ዋሉ። ማክሰኞ ስሙን ዘለሉት። ትናንት ግን መልሰው ጠሩት፤ ከዚያም እንጨቱ ወዳልደረሰበት ጫፍ ብቻቸውን ሲወርዱ ሲሳይ ክንዳቸውን ይዞ መለሳቸው።

አርባው ሰኔ 27 ነው። መንገዱ ርቆብሽ ለቀብሩ አልደረስሽም፤ ለዚህ ግን ነይ። አባባ ፊትሽን እያዩ «ደህና ነን» ማለት አይሆንላቸውም። እኔም እማዬ እንዳትሰበር ብዬ እስካሁን አላለቀስኩም። አንቺ እስክትመጪ አቆይቼዋለሁ።

ለባለቤትሽ ለተስፋነህ ሰላም በዪልኝ፤ የልጅሽን የሕሊናን ጉንጭ ሳሚልኝ። እማዬ «የእመቤትን ዓይን ልየው» ትላለች። ሲሳይና ትርንጎም ሰላም ብለውሻል። የአባባን ሰላምታ አልጻፍኩልሽም፤ መጻፌን አያውቁም። ራስሽ መጥተሽ ተቀበያቸው።

ወንድምሽ ፋሲል
ደብረ ታቦር፣ ሰኔ 16 ቀን 2014 ዓ.ም.