ሞተሩ ቆመብን ያለው ሰው

ሰኞ፣ ሜይ 12
ዛሬም ዝናብ። ቺሎዬ ደሴት ላይ ሌላ ምን አለ? ሚልካዎ ለሚባለው ቂጣ የሚሆን ድንች ፈቀፈቅሁ። የልጄን የሚርታን ካልሲ ምድጃው አጠገብ አሰጣሁ። ኦኖፍሬ ዓሣ ይዞ መጣ። በሩን አልከፈትኩለትም። ደረጃው ላይ ትቶት ሄደ። ለድመቷ ሰጠሁት።

ዋርሳዬ ነው። ባሌ ኤልያዛር ማርች ላይ በጀልባ ባሕር የወጣው ከእሱ ጋር፣ የተመለሰው እሱ ብቻ። አስከሬኑም አልተገኘም። "ሞተሩ ቆመብን፣ ማዕበሉ በጎን መታን፣ ወንድሜ ወደቀ" ይላል። ለወደቡ ሹም ይህንኑ፣ ለቄሱም ይህንኑ። አንዲት ቃል አይለውጥም። እውነት የሚናገር ሰው እንዲህ ይሸመድዳል?

ረቡዕ፣ ሜይ 14
ሚርታ አጎቴ ጋ ልሂድ አለች። ከለከልኳት። አለቀሰች። ታልቅስ።

እሑድ፣ ሜይ 18
ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ የኦኖፍሬ መጋዘን ገባሁ። የጀልባው ሞተር ውሃ የሞላ በርሜል ላይ ተሰቅሏል። ገመዱን ሳብኩ። ወዲያው ተነሳ። ደስ አለኝ። ምናልባት አስጠግኖት ይሆን? የመንደሩን መካኒክ ጠየቅሁት። ማንም አልነካውም አለኝ። ያዝኩህ፣ ኦኖፍሬ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 24
ሹሙ ፊት አቆምኩት። መንደሩ በሙሉ መጥቷል። ሞተሩ እንደሚሠራ ተናገርኩ፤ መካኒኩም መሰከረ። ወንድምህን ምን አደረግከው አልኩት። ኮፍያውን አወለቀ።

"ኦቲሊያ፣ ተይኝ" አለ።

"አልተውህም።"

"ሰክሮ ነበር። ሊሸና ተነሳ። ቁጭ በል ስለው ሳቀብኝ። ሞተሩ ምንም አልሆነም። የዋሸሁት ለአንቺና ለልጅቷ ብዬ ነው።"

ውሸታም አልኩት። እስከ ዛሬ የጠላሁት መስሎኝ... ያስ ከዛሬው አንጻር ምንም አልነበረም።

ማክሰኞ፣ ሜይ 27
እንቅልፍ የለም። እውነቱን አውጣ ብዬ የጮህኩት እኔ። የምፈልገውን አውጣ ማለቴ ነበር እንዴ? ኤልያዛር መጠጥ ትቻለሁ ብሎኝ ነበር። ከባሕር ሲመለስ የብርቱካን ልጣጭ ያኝክ ነበር። ለጥርሴ ነው ይለኛል። ለጥርሱ... ይህን ሰምቶ የሚያምን ምን ዓይነት ሰው ነው? ማወቅ ያልፈለገ ነዋ።

እሑድ፣ ጁን 1
ለሚርታ ነገርኳት። አባትሽ የወደቀው ሰክሮ ነው አልኳት። ሾርባዋን እየጠጣች ነበር፤ ማንኪያውን እንኳ አላስቀመጠችም።

"አውቃለሁ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም። ሲስመኝ ይሸተኝ ነበር። አንቺ ትቷል ስትዪ ደስ ይልሽ ነበር... ዝም አልኩ።"



ከሰዓት በኋላ እጇን ይዤ አጎቷ ቤት ወሰድኳት። ኦኖፍሬ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። ሰላም አላልኩትም። አሁንም እጠላዋለሁ። ዋሽቶኛል ብዬ ግን አይደለም፤ እውነቱን ስላወጣ ነው።