የግራ እጄ ጣት

የካቲት 4
ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ውሃዬን ራሴ እቀዳለሁ፣ ጢሜን ራሴ እላጫለሁ፣ ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ። ዛሬ የጓሮውን አጥር ጠገንኩ። ፊደል እንዳይጠፋኝ ብዬ ይህንንም እጽፋለሁ።

የልጅ ልጄ በምነት ምሳዋን በአንድ እጇ በላች። በሌላው ስልክ። "ማነሽ፣ ወጡ ቀዘቀዘ" ብላት "እ?" ብቻ። ስምንተኛ ክፍል ናት፣ ሰኔ ላይ ሚኒስትሪ አለባት። እናቷ ገለኔ ሥራዋ ኡካ ከተማ ስለሆነ ልጅቷ እኔ ዘንድ ሜቱ ትማራለች። ዛሬ ደወለች። "አባዬ፣ ክፍል ውስጥ ትተኛለች አሉኝ። ቪዲዮ ላይ ተጥዳ ነው የምታድረው። እርስዎ ይቆጣጠሩልኝ፣ ማሎ፣ እባክዎ።"
እቆጣጠራለሁ አልኩ። አራት ልጅ ያሳደግሁ ሰው ስልክ ያቅተኛል?

የካቲት 6
ስልክ ጠጋኙ ሰላሃዲን ሱቅ ሄድን። አኩርፋለች።
"ጋሼ ደበሳ፣ በእርስዎ ጣት ብቻ እንዲከፈት አደርገዋለሁ። ጣትዎን ወዲህ።"
"የምን ጣት? እኔ መሠረተ ትምህርት ገብቼ፣ ፊርማ ተምሬ፣ ከጣት የወጣሁ ሰው ነኝ!"
"ኧረ ጋሼ፣ ይሄኛው ቀለም የለውም።"
ሱቁ ውስጥ ያሉት ሳቁብኝ። አውራ ጣቴን ስልኩ እምቢ አለ። ሌባ ጣቴንም። ዶማና መጥረቢያ አሻራውን አጥፍቶታል አለ ሰላሃዲን። በመጨረሻ የግራ እጄን የቀለበት ጣት ተቀበለ። እሱ ብዙ ሥራ አላየም።
የሚስጥር ቁጥርም አለው። "ይያዙት" አለኝ። "አንተው ያዘው፣ አደራ" አልኩት። ቁጥር ይጠፋኛል ብዬ ሰው ፊት ልናገር?

የካቲት 15
ሠርቷል። ጥናቷን ስትጨርስ፣ ራት እስኪቀርብ እከፍትላታለሁ። ከዚያ ይዘጋል። ዛሬ እድር ላይ ተናገርኩ። "ልጅ አልታዘዝ አለን ትላላችሁ፣ እኔ ጋ ኑ!" ሁለት ሰዎች የምራቸውን ምክር ጠየቁኝ። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ።

የካቲት 23
ከምሳ በኋላ ወንበሩ ላይ ጋደም ብዬ ሳለ ጣቴን ያዘች። ቀስ አድርጋ። ስልኩ ላይ አስነካችው። ለካ እንዲህ ነው... ልጮህባት ነበር። አልጮህኩም። ዓይኔንም አልገለጥኩም። ለምን?

የካቲት 24
ዛሬም። ጣቴ ደረቅ ስለሆነ ስልኩ ቶሎ አያውቀውም። በትንፋሿ ታሞቀዋለች፣ በሹራቧ እጅጌ ትጠርገዋለች። ከዚያ እጄን መልሳ ጉልበቴ ላይ ታኖረዋለች፣ እንቁላል እንደምታስቀምጥ።
ሚስቴ ዘውደነሽ ካረፈች ስድስት ዓመት። ከዚያ ወዲህ እጄን ማን ይዞ ያውቃል? ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰላምታ። ለቅሶ ቤት ሰላምታ። በቃ።
ነገ እነግራታለሁ።

የካቲት 27
አልነገርኳትም።

መጋቢት 3
ዘነበ፣ በረደ። እኔ ግን እጄን ከጋቢው ውጭ አድርጌ ተኛሁ። ተኛሁ እላለሁ እንጂ... አንተ ሽማግሌ፣ ምን እየሠራህ ነው? ልጅቷ የምታጠናበት ሰዓት እኮ ነው።

መጋቢት 19
የመለማመጃ ፈተናው ውጤት መጣ። ሒሳብ ከመቶ ሃያ ሁለት። ገለኔ በጠዋቱ መኪና ደረሰች። በምነት የለጠፈችውን ቪዲዮ ገለኔ በራሷ ስልክ አሳየችኝ። ሁሉም የተለጠፈው በቀትር ነው።
"አባዬ፣ በቀትር ማን ከፈተላት?"
በምነት መሬት መሬቱን ታያለች።
"ቁጥሩ ያለው ሰላሃዲን ዘንድ ነው" አልኩ። እንዴት ከአፌ ወጣ?
ሱቁ ሄድን። ቅዳሜ ነው፣ ገበያተኛው በር ላይ ሞልቷል። "አደራ በላ!" አልኩት፣ ያውም ጮክ ብዬ። ሰላሃዲን መፍቻውን አስቀመጠ።
"ወላሂ ጋሼ፣ ለማንም አልሰጠሁም።"
"ታዲያ ቁጥሩ እግር አውጥቶ ሄደ?"
ሰው ሳቀበት። ሰው ሲስቅልኝ ደግሞ ይብስብኛል፣ ጨመርኩበት። እሱ አንድም ክፉ ቃል አልመለሰልኝም።

መጋቢት 20
ጠዋት በምነት እግሬ ላይ ወደቀች። "አካኮ፣ አያቴ፣ ሰላሃዲን አይደለም። ሲተኙ በጣትዎ... እኔ ነኝ። ሌባ ነኝ።" ሌባ! እናቷ ቆማ ትሰማለች።
መናገር ያኔ ነበር። አንዲት ቃል።
እኔ ምን አደረግሁ? ራሷን ዳበስኩና "ይቅር ብዬሻለሁ ልጄ" አልኩ። ይቅር ባዩ እኔ! ገለኔም "እግዜር ይስጥልን አባዬ፣ ልበ ሰፊ ነዎት" አለችኝ። ዝም ብዬ ተቀበልኩ።
ከሰዓት ይዛት ሄደች። እዚያው ኡካ፣ ዓይኗ ሥር ትማር ብላ። ስልኩንም ወሰደች።

መጋቢት 22
መንገድ ላይ ያ እድር ላይ ምክር የጠየቀኝ ሰውዬ፦ "ልጅቷ ጉድ ሠራችህ አሉ፣ ተኝተህ!"
አብሬው ሳቅሁ። በሷ ሳቅሁ።
ከምሳ በኋላ ጋደም አልኩ። እጄ ራሱ ከጋቢው ወጣ። መልሼ አስገባሁት።

መጋቢት 25
ገለኔ ደወለች። በምነት እህል አልቀምስ ብላለች። "አካኮን አታለልኳቸው" እያለች ታለቅሳለች አለች። ስልኩን እንኳ ቢሰጧት አልነካም አለች።
ሽማግሌ ላክ ይለኛል ልቤ። አልልክም። እዳው የኔ ነው፣ ራሴ እከፍላለሁ።
ነገ ቅዳሜ ነው። ሰላሃዲን ሱቅ፣ ገበያተኛው ሲሞላ። በጓሮ በር ገብቼ ማንሾካሾክ የለም፣ ስድቡ የገባው በፊት ለፊት ነው። ይስቁብኝ። ያ ቁጥር ለምን እሱ ዘንድ እንደቀረም እናገራለሁ።
እሁድ እድሩ። ቆሜ። ምክሬን መልሱልኝ እላቸዋለሁ።
ሰኞ በመጀመሪያው መኪና ኡካ። ለገለኔ ልበ ሰፊ አይደለሁም ማለት አለብኝ። ሒሳቧ የወደቀው በኔም ነው ማለት አለብኝ።
ከዚያ በምነት... ለሷ የምለው አጭር ነው። መንገዱን ሙሉ እለማመደዋለሁ።
አንድም ቀን ተኝቼ አልነበረም።