«ና» ያለኝ ድምፅ

ንጋቱዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሞላ። ሙት ዓመትህ ባለፈው ሳምንት ወጣ። ደጃችን ያለው ማንጎ አበባ ይዟል፤ አጎበርህን አጥቤ አስቀምጬዋለሁ። ባንተ ቦታ ለጤና ጣቢያው ሌላ ድሬሰር ተልኳል። መርፌው ያማል ይላሉ፤ ደስ አለኝ።

ለሙት ዓመትህ ከጎሬ የመጣው ወንድምህ፣ «በዚህ በረሃ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?» ብሎ ሊወስደኝ ቆርጧል። ሰኞ መኪና ይዞ ይመጣል። እኔም እሺ ብዬው ነበር። ከጋምቤላ ከመውጣቴ በፊት ግን ያንን ተራራ ማየት ፈለግኩ፤ በመንገዱ ባለፍን ቁጥር «ባውራጃችን ከዚህ የሚበልጥ የለም» እያልክ የምታሳየኝን፣ አብረን እንወጣዋለን ስትል ወባ የቀደመህን።

ለማንም አልተናገርኩም። የጭነት መኪና ማለዳ ከሥሩ አወረደኝ፤ ሾፌሩ ከሰዓት በኋላ ከቡሬ ሲመለስ ሊያነሳኝ ተቀጣጠርን። ሣሩ ከቁመቴ ይበልጣል። ኮሽ ባለ ቁጥር ጎሽ መጣ እያልኩ፣ እየፈራሁ ወጣሁት። ከጫፉ ላይ ባሮ እንደ ነጠላ ጥለት ቀጥኖ ይታያል። በምሥራቅ በኩል ግን ካንተው የሚበልጥ ሌላ ተራራ ቆሟል። «ያ እኮ የጎሬ ነው፣ አይቆጠርም» ብለህ ድርቅ እንደምትል አውቃለሁ። ብቻዬን ሳቅኩ፤ ከዚያ አለቀስኩ።

ስወርድ ጭስ ሸተተኝ። አዳኞች አውሬ ሊያስወጡ ሣሩን ለኩሰውታል፤ እዚያ ላይ ሰው አለ ብሎ ማን ያስባል? ነፋሱ ወደ እኔ ነበር። የደጋ ሰው አይደለሁ፣ ከእሳት መሸሽ እንጂ ሌላ አላውቅም፤ ዞሬ ወደ ላይ ሮጥኩ። እሳትም ሽቅብ ከሰው ይፈጥናል። ሣሩ ከኋላዬ ይንጣጣል፣ ዓይኔ አያይም፣ ትንፋሼ አጠረ። አለቀልኝ አልኩ።

ያኔ ከጭሱ ወዲያ አንድ ድምፅ «ና! አትሩጥ! ና!» አለ።

ሌላ ወንድ የሚጠራ መስሎኝ ሽቅብ መሮጤን ቀጠልኩ። ደግሞ «ና!» ሲል ግን ቆምኩ። አንተ መቼ «ነይ» ብለኸኝ ታውቃለህ? ከተጋባን ጀምሮ «ና እስቲ፣ እዚህ ቁጭ በል» ነበር የምትለኝ፣ ጎረቤት እየሳቀብን። ከቀበርንህ ወዲህ እንደዚያ የጠራኝ የለም። አንተ መሰልከኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ልትወስደኝ የመጣህ ነው የመሰለኝ፤ እሺ ብዬ ፊቴን ወደ እሳቱ አዞርኩ።

ነበልባሉ በሳሳበት በኩል አንድ እጅ ይዞ ጎትቶ አሳለፈኝ። ከዚያ ወዲያ መሬቱ ነዶ ያለቀ፣ ጥቁር ነው፤ የሸራ ጫማዬን ሶል አቅልጦ እግሬን ለበለበኝ እንጂ የሚነድ ነገር አልቀረውም። የጎተተኝ ኦቦንግ የሚባል የአኙዋክ አዳኝ ነው። ጦሩን ተደግፎ እያሳለ፣ «የተቃጠለ ሁለተኛ አይቃጠልም። አንተ ለምን ወደ ሣር ሮጠ?» ብሎ ተቆጣኝ። በሱ አማርኛ ሰው ሁሉ አንተ ነው።

በዚያው ቀን በጭነት መኪናው እስከ ደጄ አድርሶኝ ነበር። ትናንት ዓሣ ይዞ እግሬን ሊጠይቅ መጣ፤ ከደጅ ሆኖ «ና!» ብሎ ተጣራ። ጎረቤታችን ባለሱቁ መሐመድ ኑር፣ «ሴትን ነይ ነው የሚባለው» ብለው ሊያርሙት ጀመሩ። ይተዉት አልኳቸው።

ወንድምህ ሲመጣ አልሄድም ልለው ነው። ይቆጣ ይሆናል። እናንተ ቤት አማርኛው የጠራ ነው፤ ማንም አይሳሳትልኝም። እዚህ ግን አንዱ «ና» ባለኝ ቁጥር አንተን አስቤ እዞራለሁ። አንተ እንዳልሆንክ አውቃለሁ። ቢሆንም እዞራለሁ።

ያንተው
እልፍነሽ