አርባዎቹ እነማን ናቸው?

ይድረስ ለወንድሜ ለኸባብ አብዱልጀሊል፤ ታሊን ነው ወዳልከኝ ከተማ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህ፣ እንዴትስ ሰነበትክ? አፊያ ነህ ወይ? ራስ ምታቱ ተወህ? ብርዱ እንዴት አደረገህ? እንቅልፍህስ፣ ምግብህስ? ሰላቱን በወቅቱ ትሰግዳለህ ወይስ ሥራው ያዘኝ ትላለህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባባ ጉልበታቸውን ቢያማቸውም መድረሳ መዋላቸውን አልተዉም። የበልጉ ዝናብ ዘግይቶም ቢሆን ጀምሯል፤ ሰዉም ከብቱም ደህና ነው። ናፍቆቴን አልጽፍልህም፤ እሱን ከጀመርኩ ወደ ሌላው ነገር አልገባም፣ ዛሬ ደግሞ የምገባበት ነገር አለኝ።

በስልክ ያልነገርኩህ ለምን እንደሆነ ራስህ ታውቃለህ። ስለ በግ፣ ስለ ሠርግ፣ ስለ ጎረቤት ስናወራ ድምፅህ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ስለ ሥራህ የጠየቅኩህ ጊዜ ግን ኔትወርኩ ይቆራረጣል። አንድ ጊዜ ቢሆን እሺ፤ ሦስት ጊዜ ሆነ። ወረቀት አይቆራረጥምና ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ። አዲስ አበባ የሚመላለሰው ሾፌር አራጌ ነገ ይዞት ሄዶ ፖስታ ቤት ያስገባልኛል።

ነገሩ የባሲማ ነገር ነው። ሽማግሌ ልከን ልጃቸውን ከጠየቅናቸው ወዲህ አባቷ ሐጂ ሀቢቡላህ እሺም እንቢም ሳይሉን ከርመው፣ አሁን የፊታችን ጁምዓ ከሰላት በኋላ የመጨረሻ ቃላቸውን ሊሰጡን ቀጥረውናል። ከዚያ በፊት ግን፣ እናታችን በሕይወት ስለሌለች፣ ያሳደግኩህ እኔ በሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ ጠባዩንም ሥራውንም አውቃለሁ፣ ዋስ ነኝ ማለት አለብኝ። ጠባይህን አውቃለሁ። ሥራህን ግን፣ ወላሂ፣ አላውቅም።

ለአረፋ መጥተህ ሐጂ ቤት የተቀመጥን ዕለት፣ ምን ትሠራለህ ሲሉህ አርባ ሠራተኛ በሥሬ አለ አልካቸው። አጠገብህ ነበርኩ፣ ልቤ በኩራት ሞላ። አርባ ሰው ማለት ስምንት የአንድ ለአምስት ቡድን ነው ብዬ አሰብኩ፤ እኛ ቀበሌ አንዷን አንድ ለአምስት ሰብስቦ ማወያየት ምን ያህል መከራ እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሐጂ ግን አንተ ከተመለስክ በኋላ ነገሩን በሌላ በኩል ያዙት። የሰውን ጠባይ የሚያውቀው ከሥሩ ያለ ነው፣ ከአርባው የሁለቱን ስምና ስልክ ስጡኝና ደውዬ ልጠይቅ አሉ። ይህን ስነግርህ ምን አልከኝ? ስም የላቸውም፣ በቁጥር ነው የሚታወቁት አልከኝ። እየሳቅክ ነበር። ቃልህን ለሐጂ ሳደርስ ግን እዚያ ቤት የሳቀ ሰው አልነበረም።

ለምን እንዳልሳቁ አንተም አታጣውም። የበኩር ልጃቸው በደላላ እጅ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ሊሻገር ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ አራት ዓመቱ ነው። ደላላውን ማሻ ድረስ ተከታትለው ሲያፋጥጡት የመለሰላቸው መልስ፣ ብዙ ስለነበሩ ስማቸውን አልያዝኩም፣ በቁጥር ነው ያሳፈርኳቸው የሚል ነበር። ሐጂ ይህን ለእኔ ሲነግሩኝ ዓይናቸውን ከዓይኔ አልነቀሉም። ጥርጣሬያቸውን በአፋቸው አላወጡትም፤ እኔ ግን ይዤው ወደ ቤቴ ገባሁ።

ሥራዬን ታውቃለህ። አሥራ ሁለት ዓመት የጤና ኤክስቴንሽን ሆኜ ቤት ለቤት ስዞር መጠርጠር ለምዶብኛል። ሽንት ቤት ሠርተናል ይሉኛል፤ እስቲ ልየው ስል ቁልፉን ባለቤቴ ከላላ ገበያ ይዞት ሄዷል ይሉኛል። እጃችንን በሳሙና እንታጠባለን ይሉኛል፤ ሳሙናው ከነመጠቅለያው አቧራ ለብሶ አገኘዋለሁ። ይህን ዓይኔን ይዤ የላክልኝን የክፍልህን ፎቶ እንደገና አየሁት። አንድ ወንበር፣ አንድ ስኒ፣ አንድ ሹካ። በር ሥር ያለው ጫማም ያንተው ብቻ ነው። አርባ ሰው የሚያዝ ሰው ቤት እንግዳ አይገባም ወይ?

ባለፈው ሳምንት ደግሞ፣ ካንተ ወዲህ ማንም ያልተኛበትን ፍራሽ ፀሐይ ላሰጣው ሳነሳ ከሥሩ የታጠፉ ወረቀቶች አገኘሁ። ለአረፋ በመጣህ ጊዜ መብራቱ እየሄደ ሲያስቸግርህ፣ ወረቀት ላይ ላንብበው ብለህ ኮምፒውተር ቤት ያሳተምካቸው ናቸው። እንግሊዝኛዬ የአሥረኛ ክፍል ነው፤ ቁጥርና የአገር ስም ለማንበብ ግን ይበቃል። ቢያንስ አራት፣ ቢበዛ አርባ ይላል። አየርላንድ ይላል፣ ፍራንክፈርት ይላል። አንተ ያለኸው ሌላ አገር፤ አየርላንድ ምን አገባህ? ይባስ ብሎ ዳርና ዳሩ ላይ በገዛ እጅ ጽሑፍህ፣ በአማርኛ፣ ከአየርላንድ ሃያ ይቀነስ፣ ፍራንክፈርት ሃያ ይነሳ፣ የታመመው ይወገድ፣ በምትኩ ሌላ ይምጣ ብለሃል።

ወንድሜ ደላላ ሆኗል አልኩ። የሰው ልጅ ከአገር አገር እያዞረ፣ የታመመውን መንገድ ላይ እየጣለ የሚኖር ሰው ነው ያሳደግኩት አልኩ። ከልጅነትህ ጀምሮ ያለውን ሁሉ አሰብኩ፤ የት ላይ ነው የሳትኩት ብዬ። ወረቀቱን ላቃጥለው ክብሪት ሁሉ አንስቼ ነበር። ግን ባቃጥለው ከጥፋቱ የተካፈልኩ መሰለኝና መልሼ አጣጠፍኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ከአባባ ፊት መቀመጥ አቅቶኝ ሥራ አለኝ እያልኩ ስወጣ ዋልኩ።

ለማን ላሳየው? ለሐጂ ማሳየት ነገሩን በገዛ እጄ ማፍረስ ነው። በመጨረሻ የመሪጌታ አስፋው ልጅ ጸደንያ ትዝ አለችኝ። አሁን ሙያ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ታስተምራለች፣ ምስጢር መያዝም ታውቅበታለች። የወንድሜ ነው አላልኳትም፤ የአንድ የማላውቀው ሰው ወረቀት ነው አልኳት። አብራችሁ እንደተማራችሁ ረስቼው ነበር። ዳር ላይ የጻፍከውን ገና እንዳየች ኸባብ እንዴት ነው አለችኝ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሁለት ጊዜ አነበበችውና ሳቀች። ሰዎች አይደሉም፣ ኮምፒውተሮች ናቸው አለችኝ። የራሱ ማሽን የሌለው ድርጅት፣ ሩቅ አገር፣ እንደ አየርላንድና ፍራንክፈርት፣ ካለ ትልቅ የማሽን ቤት በኢንተርኔት ይከራያል፤ ክላውድ የሚባለው እሱ ነው አለችኝ። ወንድምሽ ማሽኖቹን እየሄደ አንድ በአንድ አይተክልም፣ ትእዛዙን በኮድ ይጽፋል። ለዕለት ሥራ ቀለል ያሉትን በአንድ ቡድን፣ ለከባዱ ሥራ ጉልበተኞቹን በሌላ ቡድን ያደርጋል፤ እያንዳንዱ ቡድን ከስንት እንዳያንስ፣ ከስንት እንዳይበልጥ አስቀድሞ ይወስናል። ሥራ ሲበዛ ማሽን ይጨመራል፣ ሲቀንስ ይመለሳል፣ የተበላሸው ይወገድና አዲስ ይተካል። ለአጨዳ ደቦ ስትጠሪ ስንት ሰው እንደሚበቃሽ አስቀድመሽ እንደ መጻፍ ነው አለችኝ።

በቀላሉ የማምን ሰው አይደለሁም። አሳይኝ አልኳት። ኢንተርኔቱ ከተቋረጠ ቢሰነብትም በራሷ ኮምፒውተር ውስጥ ለልምምድ የሚሆን ነገር አለኝ ብላ ጥቂት መስመር ጻፈች። አራት ብላ ጻፈች፣ አራት ስም የሌላቸው ነገሮች ተደርድረው ወጡ። አራት የሚለውን አጥፍታ ስድስት ብላ ስትጽፍ ሌሎች ሁለት መጡ። በጣቴ ቆጠርኳቸው። አሁን መልሻቸው አልኳት፤ ቁጥሩን ስትለውጠው ሁለቱ ሄዱ። የትኞቹ ናቸው የሄዱት ስላት እሷም አላወቀችም። ከደቦ የቀረ ሰው ሲኖር ምን ሆኖ ይሆን ብለን ቤቱ ድረስ እንሄዳለን፣ ከነዚህ አንዱ ሲቀር ማን ይጠይቃል አልኳት። ማንም አይጠይቅም አለችኝ። የሆነው ይሁን፣ ደላላ ካልሆንክ ለእኔ ይበቃኛል ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ አለቀስኩ፤ የደስታ ለቅሶ ነው።

ቤት ስደርስ ግን ደስታው ወደ ንዴት ተለወጠ። ደላላ አይደለህም፣ ውሸታም ነህ እንጂ። ሽማግሌ ፊት ማሽን ቆጥረህ ሰው ነው አልክ። ምን ጎደለብህ? ኮምፒውተር ነው የማዘው ብትል ማን ይንቅህ ነበር? ይህን የዋሸ ሌላም ዋሽቷል ብዬ የድሮ መልእክቶችህን ከስልኬ እያወጣሁ አንድ በአንድ አነበብኩ። እውነትም አገኘሁ። አምና በጥር ሳንባህን ታመህ አሥራ አንድ ቀን ከአልጋ ሳትነሳ የጻፍክልኝ እዚያው አለ። አታስቢ፣ በሥሬ ያሉት ልጆች እየተፈራረቁ ያስታምሙኛል፣ ሾርባም ሠርተውልኛል ብለሃል። ይኸው ሁለተኛው ውሸት ብዬ ከነቀኑ በወረቀት ጻፍኩት።

ወረቀቱን ይዤ ትናንት ሐጂ ቤት ሄድኩ፤ ከአባቷ በፊት ለባሲማ ልንገራት ብዬ ነው። ጓሮ ልብስ ስታጥብ አገኘኋት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት፤ ቁጥሩን፣ ወረቀቱን፣ ጸደንያ ያለችኝን፣ የበሽታህን መልእክት። ሁለት ጊዜ የዋሸ ሰው ነው፣ እኔ ዋስ ልሆንለት አልችልም አልኳት። እጇን ከሳሙናው አረፋ ሳታወጣ ሰማችኝ። ትቆጣለች ወይም ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። ታዲያ ያን ጊዜ ውኃ ማን አቀበለው አለችኝ።

በቀን አሥር ቤት እየገባሁ ትኩሳት ያለበት ሰው አለ ወይ የምል ሴት ነኝ። ያንተን መልእክት ግን ያነበብኩት ውሸት ፍለጋ ነበር፤ እዚያ ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ቀን ብቻህን መተኛትህ አልታየኝም። አፈርኩ፣ ወንድሜ። ቁጭ ብዬ የጻፍኩትን ወረቀት እዚያው ከውኃው ውስጥ ከተትኩት።

ጁምዓ የማደርገውን ልንገርህ። በሽማግሌዎቹ ፊት እቆማለሁ። አርባ ሰው የለውም፣ አንድም ሰው የለውም፣ የሚያዛቸው ማሽኖች ናቸው፣ ሰው ናቸው ያለውም ዋሽቶ ነው እላለሁ። ሥራው ሐላል ነው፣ በሰው ልጅ አይነግድም፣ ለዚህ ዋስ ነኝ እላለሁ። ባሲማ አባቴን እለምናለሁ ብላኛለች፤ ሐጂ ግን በውሸት የተቃጠሉ ሰው ናቸውና እሺ ይበሉ እንቢ ይበሉ አላውቅም። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ውጤቱን በስልክ ሰምተኸዋል።

አባባ ሰላም ብለውሃል። በየጁምዓው ካንተ አስከትለው ለአርባዎቹም ዱዓ ያደርጋሉ፣ ለልጆቹም ሰላም በይልኝ ብለዋል። አልነገርኳቸውም፤ እሱን አንተው ትነግራቸዋለህ። ልጄ አፍናን ሰላም ብላሃለች፣ የበረዶ ፎቶ ላክልኝ ትላለች። ጎረቤታችን እትዬ ካሰች፣ ልጄ ወፍራም ልብስ ይልበስ ብለዋል። ጸደንያም ሰላም ብላሃለች፤ ከወረቀቶችህ ሦስተኛው ገጽ ላይ ስህተት አለ፣ በቀይ ከብቤለታለሁ ንገሪው ብላለች።

ባሲማ ሰላምታ አልላከችም። የላከችው ያንኑ ጥያቄዋን ነው። አባቷ ቢሰጡህም ባይሰጡህም ቁጭ ብለህ መልስላት። ሠራተኞቼ አትበላት፣ ጎረቤት ነበር ብለህም አታሳምርላት። ማንም ካልነበረ፣ ማንም አልነበረም ብለህ ጻፍላት።

እህትህ ሰብሪያ አብዱልጀሊል
መካነ ሰላም
ረቡዕ፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፳፻፲ ዓ.ም.