የአባቴ ሥርና የእናንተ ባልዲ

ረቡዕ፣ ኅዳር ፱ ቀን

ለልጆቼ አባት፣

ሰላምታዬ ይቅደም። ልጆቹ ደህና ናቸው፤ ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ ቁርጥ አንተን ሆናለች። እኔም አለሁ። ቤታችን የሆነውን ግን ልንገርህ።

አባቴ ያንን ለሐዘንተኛ የሞተበትን የሚያሳየውን ሥር ለሰው ሲሰጥ አይተሃል። የመጣውን ሰው ሦስት ቀን ያስቀምጠዋል። ማን ሞተብህ፣ ምን ያስፈራሃል፣ ምን ኪኒን ትውጣለህ እያለ ይጠይቀዋል። ከአሥሩ ሰባቱን "የአንተ ነገር የሐኪም ነው" ብሎ ከበር ይመልሳል። ለቀሩት በሲኒ ቂጥ ጠብ ያደርግላቸውና እጃቸውን ይዞ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ይውላል። የወገኖቼ መድኃኒት ይህ ነበር። አንተን የባዕድ ልጅ ነው ሳይል ያስተማረህ አምኖህ ነው።

አሁን ወንድምህ ቤታችንን ምን እንዳደረገው መጥተህ ብታይ! ግድግዳውን አፍርሶ ሳሎኑን ከመኝታ ቤቱ አገናኝቶታል። አሥራ ስድስት ፍራሽ፣ አሥራ ስድስት ባልዲ። አባቴ በታማሚው ጆሮ ሹክ ይለው የነበረው ጸሎት በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል። ከፍለው የሚመጡት እንግዶች ሥሩን ይጠጣሉ፣ ያስመልሳሉ፣ ያለቅሳሉ፣ አፋቸውን ጠርገው ፎቶ ይነሳሉ። ባልዲውን የማጥበው እኔ ነኝ። ሽታው ከጥፍሬ አልወጣ አለ። በሩ ላይ ደግሞ የአባቴን ካባ ደርበህ የተነሳኸው ፎቶ ተሰቅሏል፤ ከበታቹ "ታላቁ የሥር አባት" ይላል። የአውቶቡስ ሹፌሩ! ሳቄ መጣና ባልዲዬን አንስቼ ገባሁ።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት አንዲት መምህርት መጣች። ልጇ ሞቶባታል። እንግዶች ሲገቡ በሚሞሉት ቅጽ ላይ የልብ መድኃኒት እንደምትወስድ ጽፋለች፤ አነበብኩት። ወንድምህን ወደ ጓሮ ጠርቼ፣

"ይቺ ሴትዮ እንዳትጠጣ። አባቴ ቢኖር ደጁን አታልፍም ነበር" አልኩት።

"አንቺ ደግሞ! ይህን ሁሉ መንገድ መጥታ ልመልሳት? ባልዲሽን እጠቢ" አለኝ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ነቀዘ። ያፈላሁት እኔ፣ ጽዋውን ያስያዝኳትም እኔ። "እግዜር ይስጥልኝ እህቴ" ብላኝ ጠጣች።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከፍራሹ ወደ ወለሉ ተንሸራተተች። ከንፈሯ ጠቆረ። እንግዶቹ "ታያት! ልጇ ታያት!" እያሉ አጨበጨቡ፤ አንዱማ በስልኩ ይቀርጻታል። ስልኩን መንትፌ ወረወርኩበት። ሴትዮዋን አዝዬ ወጣሁና ያገኘሁትን የአትክልት መኪና አስቆምኩ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ "ምን ጠጣች?" ስትል፣ ተከትሎን የደረሰው ወንድምህ "የዝንጅብል ሻይ" አላት። ዓይን ዓይኗን እያየ! እኔ ሥሩን ከነስሙ፣ ምን ያህል እንደፈላ፣ ስንት እንደጠጣች አንድ በአንድ ነገርኳት። "ይህን ባናውቅ አናተርፋትም ነበር" አለችኝ። ተርፋለች፤ ቀኝ እጇ ግን ዛሬም አይታዘዛትም። ልጠይቃት ስሄድ በግራዋ ጨበጠችኝና ስላዘልኳት መረቀችኝ። ማን እንዳፈላው አልነገርኳትም።

ቤቱ ታሽጓል። ወንድምህ ታስሯል። ፖሊሱ "ባለቤቱ ማነው?" ሲለኝ ስምህን ሰጠሁ፤ እውነት ነዋ! "መቼ ይመለሳል?" ሲለኝ ግን አላውቅም አልኩት። ዓርብ መሆኑን አውቃለሁ። ለምን እንደዋሸሁ እንዳትጠይቀኝ። ደብዳቤውን ነገ አንተ ወዳለህበት አገር በምትበረው በጎረቤታችን በነርሷ እጅ የላክሁትም ሳትሳፈር እንዲደርስህ ነው።

እግዜር ልቦና ይስጥህ። የምትመጣም ከሆነ፣ የምትቀርም ከሆነ፣ መንገድህን ያቅናልህ። ለልጆቹ አባታችሁ ሥራ በዝቶበት ነው እላቸዋለሁ።

የልጆችህ እናት