«ቤታችሁ ስንት ናችሁ?» እያሉ ይጠይቁ የነበሩት የወይዘሮ ቦሼ ኤርካሎ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ቦሼ ከአባታቸው ከአቶ ኤርካሎ ሳና እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለች በዲምቱ አካባቢ በ1924 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑን የጻፈ ባይኖርም፣ የበቆሎ እሸት በሚደርስበት በነሐሴ ወር እንደ ነበር እናታቸው ይናገሩ ነበር።

ከልጅነታቸው ጠያቂ ነበሩ። አባታቸው «ይህች ልጅ ዝም የምትለው ስትተኛ ብቻ ነው» ይሉ እንደ ነበር፣ ይህን የሚጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ያስታውሳል። ፊደልን በቤተ ክርስቲያን ቆጠሩ፤ አማርኛን ከገበያተኛ ለቃቀሙ። ትምህርት ቤት ግን ከሁለተኛ ክፍል አላለፉም፤ ይህም ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያንገበግባቸው ኖረ።

በ1941 ዓ.ም. አቶ ደገፉ ዳናን አግብተው ሶዶ ገቡ፤ ሣራንና ብርሃኔን ወለዱ። በ1946 ዓ.ም. በከተማው ዳር በነበረ አንድ ክሊኒክ አንሶላ አጣቢ ሆነው ተቀጠሩ። አንሶላውን ካሰጡ በኋላ መድኃኒት ማደያው በር ላይ ቆመው «ይኼ ለምንድን ነው? ያኛውስ?» ማለት ልማዳቸው ሆነ። የመድኃኒቱን ስም በማጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ በከሰል እየጻፉ ያጠኑ ነበር። ሕሙማኑን የሚያክሙት ድሬሰር አቶ ሐብተማርያም መጀመሪያ ተቆጡ፤ ኋላ ደብተርና እርሳስ ገዙላቸው።

በ1949 ዓ.ም. የወባ ሕሙማን ኪኒን ወስደው ሳይድኑ ይመለሱ ጀመር። መድኃኒቱ ተበላሽቷል ተብሎ ሊጣል ሲል፣ ወይዘሮ ቦሼ አንዲት ታማሚን እስከ ቤቷ ሸኝተው ነገሩን አዩ። ሴትየዋ ኪኒኑን ለባሏ፣ ለአማቷና ለጎረቤቷ ታካፍላለች። ለብቻ መጉረስ በአገራችን ነውር ነውና፣ ስስታም እንዳትባል ፈርታ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለ እርሳቸው ኪኒን የሚታደል አልሆነም። የሚቀበለውን ሁሉ በወላይትኛ «ቤታችሁ ስንት ናችሁ?» ይሉታል። «ይኼ ምግብ አይደለም ወንድሜ፤ ካካፈልከው አንተም አትድን፣ እነሱም አይድኑ» ብለው፣ የመጀመሪያውን ፊታቸው አስውጠው ይሸኙታል። መርፌ መውጋትና ቁስል ማሰርም ተማሩ።

ምኞታቸው ግን አዲስ አበባ ሄዶ ድሬሰርነትን በወግ መማር ነበር። ከሣራ መጽሐፍ እየተዋሱ በግል ተፈትነው በ1955 ዓ.ም. ስምንተኛ ክፍልን አለፉ። በ1956 ክሊኒኩ እንዲለቃቸው አመለከቱ፤ «አንቺ ከሄድሽ ማን አለን?» ተባሉ። በ1957 አመለከቱ፤ መልሱ ያው ነበር። በ1959ም እንዲሁ። ሌላውን ሰው ሥራ አለመቻሉ ያስቀረዋል፤ እሳቸውን ያስቀራቸው መቻላቸው ነው።

ፈቃዱ በሰኔ 1960 ዓ.ም. ተገኘ። ሻንጣ ገዝተው ልብሳቸውን ከተቱ። በነሐሴ የጉበት ሕመም ጣላቸው። አልጋ ላይ ሆነውም ሻንጣው እንዳይፈታባቸው ይለምኑ ነበር፤ ማንም አልፈታውም። ሲታከሙ ቆይተው ታኅሣሥ 3 ቀን 1961 ዓ.ም. በተወለዱ በሠላሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እናታቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል።

ክሊኒኩ ያለ ወይዘሮ ቦሼ አንድ ቀን አያድርም ሲባል ነበር። እውነት ነው፤ ዛሬ ለቀብራቸው ተዘግቷል፤ ሠራተኞቹም እዚህ ከእኛ ጋር እያለቀሱ ቆመዋል። ቤተሰቡ ስለ ክብሩ ያመሰግናል። በሕይወት ሳሉ ለአንድ ዓመት ብቻ ቢለቋቸው ግን ይሻል ነበር።

ጌታ ነፍሳቸውን በእቅፉ ይቀበል፤ ጠይቀው የቀረባቸውንም ሁሉ እርሱ ይመልስላቸው።