የአባባ ድምፅ በሐይቁ ማስታወቂያ

ለምወድሽ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ብርድ ሲገባ የሚነሳብሽ የወገብ ሕመም ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ሁላችንም በጤና አለን፤ የጎደለችን አንቺ ብቻ ነሽ።

ባለፈው ደብዳቤሽ «የአባባን ነገር ሳትሸፋፍን ጻፍልኝ» ብለሽኝ ነበር። አልሸፋፍንም። ጉልበታቸው ከድቷቸው ከጀልባ ከወረዱ ወዲህ ቃል ከአፋቸው አይወጣም ነበር። ጠዋት ሱቁ ደጃፍ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ይውላሉ። የሚናገሩትን በዕለት ማስታወሻዬ ላይ መጻፍ ጀምሬ ነበር፤ ብዙው ገጽ «ውሃ ስጡኝ» ከሚል በቀር ባዶ ነው። ፈርቼ ነበር፣ እትዬ።

በዚህ መሀል ሬዲዮ ጣቢያው ስለ ሐይቁ ማስታወቂያ መንገር ጀመረ። ዓሣ በሚራባበት ወራት ዓይነ ጠባብ መረብ አትጣሉ፣ መኪናም ልብስም ውሃው ዳር አትጠቡ፣ ላስቲክ አትወርውሩ የሚል ነው። ነገሩ መልካም ነበር፤ አንባቢው ግን እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ ያነበንበዋል። ዓሣ አጥማጆቹ ድምፁን ይቀንሱና ዘፈን ሲመጣ መልሰው ይከፍታሉ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃ ሳሻሽጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሰው ጆሮውን የሚሰጠው ለሚያውቀው ነው። የጣቢያው ጋዜጠኛ ባትሪ ልትገዛ ስትመጣ «እህቴ፣ ይኼን ጀልባ ላይ ያረጀ ሰው ይናገረው። ጠዋት የነፋሱን ወሬ ካነበባችሁ በኋላ አድርጉት፤ ያኔ ጀልባ የሚያወጣ ሁሉ ያዳምጣል» አልኳት። «እንዲህ ያለ ሰው ከየት ላምጣ?» ብትለኝ በአገጬ ወደ ደጃፉ አሳየኋት። እውነቱን ልንገርሽ፣ አባባ አፋቸውን እንዲከፍቱ ብዬ እንጂ ለሐይቁ አስቤ አልነበረም።

መቅረጫውን አፋቸው ሥር ስታደርግ አገላብጠው አዩት። «ይሄ ነገር ሩቅ ይሰማል?» አሏት። «በጣም ሩቅ፣ አባባ» አለቻቸው። ከዚያማ ማን ያቁማቸው!

ማክሰኞ ጠዋት ሱቁ በሰው ሞልቶ ሳለ ተላለፈ። «ዓይነ ጠባቡ መረብ ልጅን ከነእናቱ ጠራርጎ ያወጣል። የገዛ ልጄም ይሸጠዋል፤ አትግዙት!» አሉ በሬዲዮ። ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ጎረቤታችን መረብ ጠጋኙ «ሰው ዕቃውን በሬዲዮ ሲያስመሰግን ሰምቻለሁ፤ ራሱን ሲያሰድብ ግን ዛሬ አንተን አየሁ!» አለኝ። ደሜ ፈላ። መደርደሪያው ለዓሣው ወራት ብዬ ባመጣሁት በዚያው መረብ ተሞልቷል። ልናገራቸው ዞር ስል አባባ ጆሯቸውን ሬዲዮው ላይ ለጥፈው የመጨረሻውን ቃል ይጠብቃሉ። እሱ ላንቺ ነበር። የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረግኩላቸው።

መረቡን ከዚያ ወዲያ ላጥማጅ አልሸጥኩም። በሳምንቱ ለአትክልተኞቹ አወጣሁት፤ ቲማቲማቸውን ከወፍ ይከልሉበታል። ልብስ አጣቢዎቹም ገንዳቸውን ከዳሩ ራቅ አድርገዋል፤ «ሽማግሌው ስማችንን በሬዲዮ እንዳይጠሩት» ይላሉ። አባባ አሁን በየሳምንቱ ጣቢያው ይሄዳሉ፤ ሳይላጩ አይወጡም። «በሬዲዮ እኮ ሰው አይታይም» ስላቸው «እኔ እንዳልተላጨሁ አውቃለሁ» አሉኝ። ማስታወሻዬ ላይ ንግግራቸው ገጹን ሞልቶ ይተርፋል።

አንድ ነገር ግን ደብቄያቸዋለሁ። ይኼ ጣቢያ እናንተ ዘንድ አይደርስም። እሳቸው ሲመለሱ ሁልጊዜ «ሰምታ ይሆን?» ይሉኛል። ስለዚህ የዚያን ማክሰኞ የመጨረሻ ንግግራቸውን ቃል በቃል ገልብጬልሻለሁ፦

«ልጄ፣ ሩቅ ያለሽው፣ ሐይቁ እንደተውሽው አይደለም፤ ሸሽቷል። ዋና ያስተማርኩሽ ድንጋይ ግን እግሩ አሁንም ውሃ ውስጥ ነው። እስክትመጪ እንዲጠብቁልኝ ለሰው ሁሉ እየነገርኩ ነው።»

ስትጽፊላቸው «ሰማሁ» በያቸው። ውሸት አይሆንብሽም፤ ይኸው ሰማሽ።

ለባለቤትሽ እጅ ነስቻለሁ። ትልቋን ልጅሽን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ትንሹን ድንጋዩ እየጠበቀው ነው በይልኝ። ከዚህም ባለቤቴና ልጆቹ ይስሙሻል፤ አክስታችን እንዳትከሺ ብላለች። መረብ ጠጋኙም ሰላም ብሎሻል። አባባ ግን በዚህ ወረቀት ሰላምታ አልላኩም፤ «እኔ በሬዲዮ ነግሬያታለሁ» ብለዋል።

ወንድምሽ
ከሐይቁ ዳር፣ ከሱቁ
ሰኔ 9 ቀን